የማላውቀውን ፊልም የተረጎምኩ ሰሞን

ባለፈው ቅዳሜ ሮዘተንቪል የሚባለው ሰፈር ጸጉሬን ልሠራ ጸጉር ቤት ገብቼ፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን አንዲት ጸጉሯ ሰማያዊ የሆነ ልጅ ስትሮጥ አየሁ። ካርቱን ናት። ከኋላዋ ፎቅ የሚያህል፣ አንድ ዓይን ብቻ ያለው የብረት ሰውዬ ይከተላታል። ከወንበሬ ብድግ ስል ሠራተኛዋ «አትነቃነቂ እንጂ!» ብላ ጸጉሬን ጎተተችው። እንዴት አልነቃነቅ? ለዚያች ልጅ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ።

ነገሩ የሆነው ወረርሽኙ በገባበት ዓመት፣ ጻካኔ በሚባለው የዙሉዎች ሰፈር ሳለሁ ነው። ጋሽ ማርቆስ የሚባሉ የዱራሜ ሰው ትንሽ ሱቅ ነበራቸው። ባለቤታቸው እትዬ አስቴር የአገሬ ልጅ ስለነበሩ ነው ከአገር ያስመጡኝ፤ ሁለታችንም የሆሳዕና አካባቢ ሰዎች ነን። የጋሽ ማርቆስ ታናሽ ወንድም ታምራት ደግሞ በመስኮቱ ቆሞ ይሸጣል። ደንበኞች ከብረት ፍርግርጉ ውጭ ሆነው ሁላችንንም «ማይ ፍሬንድ» ይሉናል፤ ወንድ ሴት፣ ትልቅ ትንሽ የለም። እኔን አንዳንዴ «ሲሲ»፣ እህቴ እንደማለት፣ ይሉኝ ነበር፤ ይኸውም ድምፄ ስለማይሰማቸው «ጮክ በይ ሲሲ!» ለማለት ነው።

ዓይን አፋር ነበርኩ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ በስድስቱም ዓመት እጄን አንድ ጊዜ ብቻ ያወጣሁ ይመስለኛል፣ እሱም ወደ ውጭ ለመውጣት ነበር። ሱቅ ውስጥ የሚሉት ካልገባኝ ደግሞ መጠየቅ ያሳፍረኛል። ስለዚህ በግምት እሰጣለሁ። ሻማ ለጠየቀች ሴትዮ ሳሙና ሰጥቻታለሁ። እሷም እንደ እኔ ይሉኝታ ይዟት ሳሙናውን ይዛ ሄደች።

ጋሽ ማርቆስ ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ግን ሱቅ በጥሩነት ብቻ አይቆምም። ዲፕስሉት በሚባል ሌላ ሰፈር ሱቅ ያለው የአጎታቸው ልጅ ምግብ የምትሠራ ሰው ይፈልግ ነበር። «ድንቅነሽ፣» አሉኝ አንድ ቀን፣ «ሱቁ እንደገና ሲከፈት መስኮት ላይ ቆመሽ መሸጥ ካልቻልሽ ወደ ዲፕስሉት ነው የምትሄጂው። እዚያ መናገር የለም፣ ወጥ መሥራት ብቻ ነው።» የዲፕስሉቱ ሱቅ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ መዘረፉን ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ላይ በዚህ አገር በአፍ መፍቻዬ የሚያወሩኝ እትዬ አስቴር ብቻ ነበሩ። «እሺ ጋሼ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ሱቁ ያን ጊዜ ዝግ ነበር። ሰው ሁሉ ከቤት እንዳይወጣ ታውጆ፣ እኛም የፈቃድ ወረቀት እስኪደርሰን ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ለአራት ተቀምጠናል። ሚያዝያ እዚያ የብርድ መግቢያ ነው። ሣሩ ገርጥቷል፣ ከቀትር በኋላ የከሰል ጭስ ሰፈሩን ይሸፍናል፣ ነፋስ ሲነሳ በአቅራቢያው ካለ ማዕድን ማውጫ ወጥቶ የተከመረው ቢጫ አቧራ ጥርስ ውስጥ ይገባል። የዚህን አገር የበቆሎ ገንፎ በሚጥሚጣና በቅቤ እንበላለን። ከአገር የመጣችው ቡላ ግን ለእሑድ ብቻ ናት፤ እትዬ አስቴር ቆልፈውባታል።

ታምራት ከከተማ የገዛት ፍላሽ ነበረችው። ሻጩ «መዝሙርም አለ፣ ድራማም አለ» ብሎት ነበር። ስትከፈት አንድ ፊልም ብቻ ተገኘባት፣ እሱም የጃፓን ካርቱን። ንግግሩ ጃፓንኛ ነው። ከታች በእንግሊዝኛ የተጻፈው ይሮጣል፤ እኔ የመጀመሪያዋን ቃል ፊደል ቆጥሬ ሳልጨርስ ሌላ መጥቶ ይተካል። ታምራት ገበያ ላይ የሚያስፈልገውን እንግሊዝኛ እንደ ውኃ ይናገራል፣ ማንበብ ግን አይሆንለትም።

እኔ ከፊት ተቀምጬ ጽሑፉ ላይ ስፈጥ እትዬ አስቴር ከኋላ፣ «ድንቄ፣ ምን ይላል?» አሉኝ።

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ግን አላውቅም ለማለት ድፍረት ይፈልጋል። ድፍረት የሌለው ሰው ደግሞ ይዋሻል።

«ንጉሡ የፀሐይን ብርሃን ቀምቷቸዋል ነው የሚለው» አልኩ። ሥዕሉ ላይ ከተማው ጨለማ፣ ቤተ መንግሥቱ ብቻ የሚያበራ ስለነበር ነው።

«አይ ግፍ!» አሉ እትዬ አስቴር። በቃ፣ ተርጓሚ ሆንኩ።

በእኛ ከተማ ቪዲዮ ቤት ውስጥ አንድ ሰውዬ ማይክ ይዞ የህንዱንም የቻይናውንም ፊልም በአማርኛ ይተረጉም ነበር። የት ተማረው ብሎ የጠየቀ የለም። አሁን ሳስበው እሱም እንደ እኔ ሳይሆን አይቀርም።

ፊልሙን የምናይበት ላፕቶፕ አርጅቷል፤ አሥር ደቂቃ ከሠራ ይግላል፣ ከዚያ ይጠፋል። ስለዚህ በየቀኑ ከምሳ በኋላ አሥር ደቂቃ ብቻ እናያለን። ይህ ለእኔ በጀኝ፤ እስከ ማግስቱ የማስብበት ጊዜ አገኘሁ። የማውቀው ታሪክ የሰንበት ትምህርት ቤት ስለነበር ንጉሡን ፈርዖን አስመሰልኩት። ልጅቷን ብርሃኔ አልኳት። ዓመፀኞቹ በዛገ መርከብ ሰማይ ላይ ይሄዳሉ፤ እነሱን ባሕሩን እንደሚሻገሩ ሕዝብ አደረግኋቸው። ቀይ ካባ የለበሰው ክፉ የጦር አለቃ ስም ሲጠፋኝ የትምህርት ቤታችንን ዱላ ወዳድ ዳይሬክተር ስም ሰጠሁት፤ መምህር ዘለቀ።

እትዬ አስቴርም እዚያው ነበር የተማሩት። «እኚህ ሰውዬ እዚህም ደረሱ?» አሉ።

ጋሽ ማርቆስ መጀመሪያ ዓለማዊ ነገር ነው ብለው ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር። በሦስተኛው ቀን ከመርከቧ ውስጥ አንድ ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ ወጣ። እኔም ለደስታቸው ብዬ «የብርሃኔ አባት ነው፤ ጸሎተኛ ሰው ነው» አልኩ። ስሙንም አባ ጌዴዎን አልኩት። ጋሽ ማርቆስ ወንበራቸውን አዙረው ቀረቡ። ከዚያ በኋላ ምሳ ሲዘገይ የሚቆጡት እሳቸው ሆኑ።

ችግሩ የመጣው በሰባተኛው ቀን ነው። አባ ጌዴዎን ግራ ቀኙን አየና አንዲት ቀይ ቁልፍ ተጫነ። የዓመፀኞቹ መርከብ በእሳት ጋየች።

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«ተሳስቶ ነው» አልኩ። «መብራት ሊያበራ ፈልጎ ነው። ዓይኑ ደክሟል።»

«ታዲያ መነጽር አይገዙለትም!» ብለው ጮኹ ጋሽ ማርቆስ። «ሰማይ ላይ መርከብ የሚነዱ ሰዎች ለአንድ ሽማግሌ መነጽር ያጣሉ?» ያን ቀን ሲጸልዩ ለአረጋውያን ሁሉ ጸለዩ፤ ዓይናቸው ለደከመ ብለው ሲጨምሩ አንገቴን ደፋሁ።

በአሥረኛው ቀን ወረቀቱ መጣ። ግድግዳው ላይ ሰቀልነው፣ ከመስኮቱ ውጭ ሰው ተራርቆ እንዲቆም በጠመኔ መሬቱን አሰመርን። ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሳሳ ሲል ጋሽ ማርቆስ ላፕቶፑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። የቀረው መጨረሻው ነበር።

ያኔ የአከራያችን ልጅ ኖምሳ ዳቦ ልትገዛ መጣች። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት፣ ማስኳ ላይ አበባ ጠልፋለች። በፍርግርጉ አጮልቃ አየችና ጮኸች።

«ምን አለች?» አሉ ጋሽ ማርቆስ።

ታምራት አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየ። «ይህን ፊልም ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ ነው የምትለው። ጋሼ... ሽማግሌው ራሱ ንጉሡ ነው ትላለች። ተመሳስሎ የገባ።»

«የትኛው ሽማግሌ?»

«አባ ጌዴዎን።»

ጋሽ ማርቆስ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ድንቅነሽ?»

ከዱቄቱ ጆንያ ሥር ብገባ በወደድኩ። ዲፕስሉት በዓይኔ ታየኝ፤ ወጡ፣ ሽንኩርቱ፣ የተሰበረው በር። «አላውቅም ጋሼ» አልኩ። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምንም አላውቅም። እንግሊዝኛውን አላነበብኩትም። ፈጥሬ ነው።»

ታምራት በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። በዚያ ወቅት ሳል እንደ ጥይት ነበር፤ ውጭ የቆሙት ሰዎች ከጠመኔው መስመር ሦስት እርምጃ አፈገፈጉ። «አፍህን ያዝ! ገበያውን በተንከው!» አሉ እትዬ አስቴር፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «እኔ ለዚያ መርከብ ሁለት ቀን አልቅሻለሁ!» አሉ።

ጋሽ ማርቆስ በአገጫቸው ወደ ፍርግርጉ ጠቆሙ። «መጨረሻው እንዴት ነው በላት» አሉት ታምራትን። ኖምሳ ነገረችን። ልጅቷ ንጉሡን ገድላ ዙፋኑ ላይ ራሷ ትቀመጣለች፣ ብርሃኑንም አትመልስም።

«ታዲያ ምኑ ነው ዓመፅ?» አሉ ጋሽ ማርቆስ። «ይሄማ ባለሱቅ መቀየር ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ? እንዴት ልትጨርሺው ነበር?»

ስነግራቸው ኖምሳ ከውጭ «ምን እያለች ነው?» ትላለች። ታምራት እንዳይተረጉም አሁንም ሳሉን ይታገላል። ስለዚህ እኔው ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ለምን እንደደፈርኩ አላውቅም፤ ከማስኩ በላይ የምትታየው ዓይኔ ብቻ ስለነበረች ይመስለኛል። ፊቱ የማይታይ ሰው ምን ያፍራል? በማስክና በፍርግርግ ውስጥ ድምፅ ስለማያልፍ ደግሞ መጮህ ነበረብኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ከደንበኛ በለቀምኳት ዙሉ፣ ያልቻልኩትን በመጥረጊያ እያሳየሁ ተናገርኩ፤ መጥረጊያው የብረቱ ሰውዬ ነበር። የብረቱ ሰውዬ በልጅቷ እንባ ይለወጣል፣ የቤተ መንግሥቱን ግንብ ይገፋል፣ ብርሃኑ እንደ ውኃ እየፈሰሰ በየደጁ ይገባል። ስጨርስ የተሰለፉት ሁሉ ወደ መስመራቸው ተመልሰው ቀርበዋል። አንዲት አሮጊት አጨበጨቡና ሁለት ዳቦ ጠየቁኝ። ሁለት ዳቦ ሰጠኋቸው። በግምት አልነበረም።

በማግስቱ ጋሽ ማርቆስ ለአጎታቸው ልጅ ሲደውሉ ሰማሁ። «የለም፣ ሰው የለኝም» አሉ። ስልኩን ዘግተው መጥረጊያውን ከእጄ ወስደው ለታምራት ሰጡት፤ ለእኔ መስኮቱን አሳዩኝ። «የማታውቂውን ነገር አሥር ቀን ሙሉ ያሳመንሽን ልጅ፣ የምታውቂውን ዳቦ መሸጥ ያቅትሻል?»

አሁን የራሴ ትንሽ ሱቅ አለኝ፤ እንግሊዝኛውንም ዙሉውንም ከመስኮት ተምሬያለሁ። ያልገባኝን ደግሞ «አልገባኝም፣ ድገሚልኝ» እላለሁ። ጋሽ ማርቆስ ዱራሜ ተመልሰዋል። ለበዓል ስደውልላቸው ከሰላምታ ቀጥለው «ያ ሽማግሌ እንዴት ሆነ?» ይሉኛል። እስካሁን ንጉሥ መሆኑን አላመኑም።

ጸጉር ቤቱ ውስጥ ፊልሙ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ይነገራል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉንም ሰማሁት። ነጭ ጢሙ ሽማግሌ ቀዩዋን ቁልፍ ተጫነና ተናገረ። በደንብ ገባኝ። ኖምሳ እውነቷን ነበር።

አጠገቤ ካስክ ውስጥ የተቀመጡ እናት የማሽኑ ጩኸት አላሰማ ብሏቸዋል። «የኔ ልጅ፣» አሉኝ፣ «ምን ይላሉ ሽማግሌው?»

ትንሽ አሰብኩ። ከዚያ ማሽኑን እንዲያልፍ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «መነጽሬን ረስቼ ነው እያሉ ነው!» አልኳቸው።

«ውይ፣ ምስኪን!» አሉ።