በጳጉሜ የተነቀለ በር

ልጄ ሚዛን ተፈሪ ከተማ ውስጥ ከግቢው ጀርባ የሠራቸውን ክፍሎች ለተማሪዎች ሊያከራይ ነው። ሰሞኑን ውሉን አነበበልኝ። "ኪራይ ወር በገባ እስከ አምስት ይከፈላል። ካለፈ በየቀኑ ቅጣት ይታሰባል።"

"ጳጉሜስ?" አልሁት።

"ጳጉሜ ምን ሆነች እማዬ?" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

በወጣትነቴ ቴፒ በመምህርነት ስመደብ የተከራየሁት አቶ ዘውዴ ግቢ ነበር። በአንድ ረድፍ የተሠሩ የጭቃ ቤቶች፣ የቆርቆሮ በሮች፣ ከአጥሩ ማዶ የቡና መፈልፈያ። የበሰበሰው ገለባ ሽታ የወጥ ድስታችን ውስጥ ሳይቀር ይገባ ነበር። አቶ ዘውዴ ኪራይ የሚቀበሉት ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ቅጣታቸው ግን በብር አልነበረም። ቀን ያሳለፈ ተከራይ በሩ ይነቀላል፣ እስኪከፍል ድረስ በር በሌለው ቤት ይከርማል። "እኔ ወለድ አልበላም" እያሉ ይኮሩበት ነበር። ነፍስ ይማር ልል ብል አንጀቴ እምቢ ይለኛል።

ከጎኔ ማቴዎስ የሚባል የወላይታ ልጅ ከሚስቱ ከአስቴር ጋር ይኖር ነበር። እሱ ቡና መጋዘን ጆንያ ይሸከማል፣ እሷ ያን ሰሞን አራስ ነበረች። ነሐሴ እንዳለቀ አቶ ዘውዴ መጡና ሠላሳው ቀን ሞልቷል፣ ክፈሉ አሉ።

"ጋሼ፣ ጳጉሜ እኮ ወር አይደለችም። መስከረም አንድ እከፍላለሁ" አለ ማቴዎስ።

"በጳጉሜ ቤቴ ውስጥ አትተኛም?"

ጳጉሜ ደመወዝም ኪራይም እንደሌላት ማንም ያውቃል። የአቶ ዘውዴ መልስ ግን የሚረታ መልስ ነበር፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

ጳጉሜ ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት ጠዋት ዝናቡ ይወርዳል፣ ልጆች ራቁታቸውን ግቢው ውስጥ እየጮኹ ይጠመቃሉ። እኔ የቀቀልሁትን ጎደሬ እልጣለሁ። ማቴዎስ ሥራ በሄደበት አቶ ዘውዴ ድጅኖ ይዘው መጡና የበሩን ማጠፊያ ፈነቀሉት። አስቴር ሕፃኑን አልጋ ላይ ጥላ በሩ ላይ ተንጠለጠለች።

"አባባ፣ ልጄን ይበርደዋል!"

ሲጎትቱት የቆርቆሮው ጠርዝ ክንዷን ከክርኗ እስከ አንጓዋ ሸረከተው። ልጆቹ መጠመቃቸውን ትተው ውኃው ውስጥ ቆሙ።

ማቴዎስን ማን እንደጠራው አላውቅም። የሚስቱን ደም አየ፣ ድጅኖውን ነጠቀ፣ የሰውየውን ቀኝ ክንድ መታው። አጥንቱ እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። አቶ ዘውዴ ግን አልወደቁም። በግራ እጃቸው ከአጥሩ ሥር ገጀራ አንስተው ማቴዎስ ትከሻ ላይ አሳረፉት። ሊደግሙ ሲያነሡ ዘልዬ እጃቸውን ነከስሁ። አዎ፣ ነከስሁ፤ መምህርቷ። ገጀራው እስኪወድቅ አለቀቅሁም። የደማቸውን ጣዕም ዛሬም አልረሳሁትም። ዝናቡ የሦስቱንም ደም እያጠበ ልጆቹ ወደቆሙበት ውኃ ወሰደው።

አቶ ዘውዴ ሐኪም ቤት ተኙ፤ ማቴዎስ ቁስሉ ከተሰፋለት በኋላ እስር ቤት ገባ። አስቴርን እኔ ጋ እደሪ ብላት እምቢ አለች። "ከወጣሁ ቤቱንም ይወስዱታል" ብላ ክፍቱ ላይ አንሶላ ሰቀለች።

መስከረም አንድ ጠዋት ሕፃኑን አዝላ፣ ክንዷን እንደጠቀለለች፣ ለበዓል የተከፈለውን የባሏን ደመወዝ ይዛ አቶ ዘውዴ ሚስት ፊት ቆመች።

"እትዬ፣ ቀኑ ዛሬ ነው። በሬን ስጡኝ።"

ሴትየዋ ብሩን አልቆጠሩትም። እያለቀሱ በሩን ራሳቸው ተሸክመው አመጡላት። ማጠፊያው ስለተሰበረ ግን የሚተከል አልሆነም፤ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቀረ። ማቴዎስ ሲፈታ ትከሻው ጆንያ አልሸከም አለው። ቱም ወደምትባል ከተማ ሄዱ ሲባል ሰማሁ፣ ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

ይህን ለልጄ ስነግረው ሳቁን ተወ። ውሉ ላይ "ጳጉሜ ኪራይ የላትም" ብሎ ጨመረ።

"በር አይነቀልም ብለህም ጻፍ።"

"እማዬ፣ ዛሬ በር የሚነቅል አለ እንዴ?"

"ቅጣቱ በየቀኑ እየታሰበ መክፈል ያቃተው ልጅ የት ነው የሚያድረው?"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ውሉ እስካሁን ጠረጴዛው ላይ ነው፣ አልፈረመበትም።