ባሕር ዳር የጀመረኝ ብርድ

መጀመሪያ የተሰማኝ ብርድ ነው። የኦገስት ጠዋት ነበር፤ ፀሐዩ ገና በማለዳው ያቃጥላል። ባለቤቴ ሰዓዳና እኔ በሆቴሉ በረንዳ ላይ፣ ባሕሩ ፊት ለፊት ቁርስ ቀርቦልን ተቀምጠናል። በዙሪያችን ያሉት ሰዎች ቁምጣና ስስ ሸሚዝ ለብሰው በሜኑው ራሳቸውን ያራግባሉ። የእኔ ጥርስ ይንገጫገጫል። የሻይ ስኒውን ሳነሣ እጄ ተንቀጥቅጦ ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ደፋሁት። አስተናጋጁ ፈገግ ብሎ ሌላ ጨርቅ አነጠፈ። ሰዓዳ ግን ፈገግ አላለችም። እጇን ግንባሬ ላይ አሳርፋ፣ "አንተ፣ እሳት ሆነሃል እኮ" አለችኝ።

"ኤሲው ነው። ክፍሉን ሲያቀዘቅዘው አድሮ ነው" አልኳት።

ኤሲው አልነበረም። ይህን የምጽፈው እኔ ላይ የደረሰው ለደረሰባችሁ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ በሰውነታችሁ ውስጥ ምን እንዳለ ሳታውቁ ጤነኛ ነን ብላችሁ ለምትኖሩ ነው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ።

ተወልጄ ያደግሁት ኮምቦልቻ ነው። አሁን የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ ስካይላይን ከሚባሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ነው። ሥራዬ የኩላሊት በሽተኞችን ደማቸው ወደሚታጠብበት ዳያሊሲስ የሚያመላልስ ቫን መንዳት ነበር። አንዲት ልጅ አለችን፣ ሐናን። ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ እንደያዘች ለእኔና ለእናቷ ያደረገችልን የመጀመሪያ ትልቅ ስጦታ ከረጅሙ የባሕር ድልድይ ማዶ፣ ሀብታሞች በሚዝናኑባት አንዲት የባሕር ዳር ከተማ የሁለት ቀን እረፍት ነው። "አባዬ፣ ጀስት ሪላክስ። ምንም ነገር እንዳትሠራ፤ ሻንጣ እንኳ እንዳታነሣ" ብላ ሸኘችን።

ከተማዋ ታምራለች። ሣሩ ምንጣፍ ይመስላል፤ ነጫጭ ጀልባዎች እንደ መኪና ተደርድረው ቆመዋል፤ ሱቆቹ በመስኮታቸው ዋጋ አይለጥፉም። ሆቴሉ በር ላይ አንድ ጎረምሳ የመኪናዬን ቁልፍ ሊቀበለኝ እጁን ሲዘረጋ ለመስጠት አመነታሁ፤ ሰዓዳ በክርኗ ጎሰመችኝ። መጀመሪያ ላይ ሁለታችንም ተሸማቀን ነበር። ከዚያ ግን ሳንቸኩል ስንሄድ፣ እሷም ሻርፗን ነፋሱ ሲያውለበልበው ስትስቅ፣ ደስ አለኝ። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

ለመንገዱ ብዬ የገዛሁት አዲስ ሰንደል ጫማ ቀኝ ተረከዜን ልጦት ነበር። ትንሽ ነገር ናት፤ ውኃ ቋጥራ ፈነዳች። አመሻሽ ላይ ሰንደሉን አውልቄ እስከ ጉልበቴ ድረስ ውኃው ውስጥ ገባሁ። ለብ ያለ፣ የረጋ ውኃ ነው። ጨው ቁስል ያደርቃል ሲባል ሰምቼ ስላደግሁ ሆን ብዬ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ወደ ክፍላችን ገብተን ተኛን።

በማግስቱ ጠዋት ነው እንግዲህ ያ ብርድ የጀመረኝ። ክፍላችን ስንመለስ ካልሲዬን አወለቅሁ። ተረከዜ ቀልቷል፤ ቅላቱ ቁርጭምጭሚቴን አልፏል። ሲነኩት ይግላል። ሕመሙ ደግሞ ከሚታየው ነገር ጋር አይመጣጠንም፤ አጥንቴን የሚሰብሩት ያህል ነው። ሰዓዳ ሐኪም ቤት እንሂድ አለች። እኔ ታይሊኖል የሚባለውን ማስታገሻ ዋጥኩ። ልጄ ይህን ሁሉ ደክማ ያዘጋጀችውን እረፍት በእግር ሕመም አላበላሽም አልኩ።

ከቀትር በኋላ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሐምራዊ ውኃ የቋጠሩ እብጠቶች ወጡ። ሰዓዳ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችኝም። ጫማዋን አድርጋ ቁልፉን ያዘች፤ "ተነሥ" አለች።

ከተማዋ ውስጥ ኧርጀንት ኬር የሚሉት አንድ ትንሽ ክሊኒክ ነበር። ያየችኝ ሐኪም ወጣት ሴት ናት። እግሬን ከመንካቷ በፊት ሁለት ነገር ጠየቀችኝ።

"ባሕሩ ውስጥ ገብተው ነበር?"

"አዎ፣ ትናንት።"

"የጉበት በሽታ አለብዎት?"

"የለብኝም" አልኩ። የመሰለኝን ነው የተናገርኩት።

በእስክሪብቶ የቅላቱን ጠርዝ ተከትላ እግሬ ላይ መስመር አሰመረች። ግሉኮስና አንቲባዮቲክ ሰቅላልኝ ስልክ ልትደውል ወጣች። ስትመለስ ቅላቱ መስመሩን አልፎ ነበር። ፊቷ ተለወጠ። "እዚህ ልናክምዎት አንችልም" አለች።

ሄሊኮፕተር መጣ። ሰዓዳን አናሳፍርም አሉ። ወደ ላይ ስንነሣ በመስኮቱ አየኋት። የመኪና ማቆሚያው መሐል ቆማለች። ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

ሰዓዳ ሃይዌይ ላይ ነድታ አታውቅም። ያ ረጅም ድልድይ ደግሞ ተሳፋሪ ሆና እንኳ ያስፈራታል። የዚያን ዕለት ብቻዋን ነድታ ተሻገረችው። እንዴት እንደተሻገረችው ስጠይቃት እስከ ዛሬ የምትለኝ "እንጃ፤ ከቁርኣን አያተል ኩርሲን ስቀራ ማዶ ደረስኩ" ብቻ ነው።

ትልቁ ሆስፒታል ስደርስ እንግሊዝኛዬ ጥሎኝ ሄደ። ይህን ሁሉ ዓመት የሠራሁበት ቋንቋ አንድ ቃል እንኳ አልመጣልህ አለኝ። በስልክ አስተርጓሚ አመጡልኝ፤ የት አገር እንዳለች የማላውቃት ሴት። ቀዶ ሐኪሙ ይናገራል፣ እሷ በአማርኛ ትደግመዋለች።

"ኢንፌክሽኑ ኔክሮታይዚንግ ፋሺያይቲስ ይባላል። ከቆዳ ሥር ያለውን ሥጋ እየገደለ ወደ ላይ ይወጣል። የሞተውን ሥጋ አሁኑኑ ቆርጠን ካላወጣን ሕይወትዎን ያጣሉ። እግርዎን ለማትረፍ እንሞክራለን። ቃል ግን ልገባልዎት አልችልም። ይስማማሉ?"

ወደ እግሬ አየሁ።  ከዚያ፣ "ይህ የሐኪሙ ሳይሆን የአስተርጓሚዋ ቃል ነው" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "አይዞዎት፣ ወንድሜ።"

"እስማማለሁ" አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቁርጥራጩን ነው የማስታውሰው። መብራት። ጉሮሮዬ ውስጥ ያለ ቱቦ። ጥማት። የደም ግፊቴ ወርዶ ነበር፤ ሴፕቲክ ሾክ ይሉታል። ኩላሊቴ ለጊዜው ሥራ አቁሞ ነበር። ደጋግመው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ወሰዱኝ። በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ሥጋ ቆረጡ። ሁለት የእግር ጣቶቼ ሄዱ። ከባቴም ብዙው ሄደ። አንድ ጊዜ ዓይኔን ስገልጥ ሐናንን አልጋው ብረት ላይ ግንባሯን ደፍታ አየኋት። "ኢትስ ማይ ፎልት፣ አባዬ፣ የኔ ጥፋት ነው" ትላለች። እጄን ማንሣት አልቻልኩም። ቱቦውም መናገር ከለከለኝ። በሕመሙ ሁሉ ውስጥ ከዚያች ደቂቃ የባሰ የለም።

እግሬ ተረፈ። ከጭኔ ቆዳ ወስደው ቁስሉን ሸፈኑት። ባክቴሪያው ቪብሪዮ የሚባል፣ ሞቅ ባለ ጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚኖር መሆኑን ነገሩኝ። ቱቦው ወጥቶልኝ መናገር ስጀምር ሐናንን ጠርቼ፣ ያቺን ከተማ እንደወደድኳት፣ እናቷንም እዚያ ስትስቅ እንዳየኋት ነገርኳት። አለቀሰች። አሁንም ግን የባሕር ነገር ሲነሣ ወሬ ትቀይራለች።

የዳንኩ ሲመስለኝ ሌላ ሐኪም መጣ። ሰዓዳ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር።

"ብዙ ሰው እዚያ ውኃ ውስጥ ገብቶ ምንም አይሆንም" አለኝ። "እርስዎ ላይ የበረታበትን ምክንያት አግኝተነዋል። ደምዎ ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ አለ። ጉበትዎ ላይም ጠባሳ ጀምሯል። ቫይረሱ ለብዙ ዓመት አብሮዎት ኖሯል። በደምም በግብረ ሥጋም ይተላለፋልና ባለቤትዎም ይመርመሩ።"

ሰዓዳ ሐኪሙ ሳይጨርስ ተነሥታ ወጣች። ስትመለስ ፊቴን አላየችውም።

ቤት ከገባን በኋላ ያለፈው ጊዜ ከሆስፒታሉ ይልቅ ከበደኝ። ሰዓዳ ቁስሌን ታጥባለች፣ ሾርባ ታመጣልኛለች፣ በዎከር ተደግፌ ወደ መታጠቢያ ቤት ስሄድ ከኋላዬ ትከተለኛለች። አታወራኝም። የምትተኛው በሐናን ክፍል ነው። አንድ ቀን ጠዋት ፋሻውን እየቀየረች፣ አንገቷን ሳታቀና ጠየቀችኝ።

"ከማን ያዘህ?"

"ወላሂ አላውቅም።"

"ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ኖረን፣ አላውቅም ትለኛለህ?"

 እውነቴን ነው አላውቅም። እንደማላውቅ የማረጋግጥበት ነገር ግን የለኝም። ፋሻውን ጠቅልላ ጨረሰችና ወጣች።

ፌርፋክስ ወዳለው የጉበት ሐኪም የወሰደችኝ እሷ ናት። እሷም ተመርምራ ነበርና የሁለታችንንም ውጤት ለመስማት ገባን። ሐኪሟ ረጋ ያሉ ትልቅ ሴት ናቸው። ስለ ባሕሩ አልጠየቁኝም። ስለ እናቴ ነው የጠየቁኝ።

"የለችም። እኔ ልጅ እያለሁ ነው የሞተችው። የወፍ በሽታ ነው ብለውን ነበር። ዓይኗ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዷ አብጦ…"

ሐኪሟ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። "የእናትዎ ሕመም ይኸው ሳይሆን አይቀርም" አሉ። "ከእርስዎ አገር በሚመጡ ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ የማየው ይህንኑ ነው። ሲወለዱ ወይም በሕፃንነት ይይዛቸዋል፤ ሳያውቁት ያረጃሉ።" ከዚያ ወደ ሰዓዳ ዞሩ። "እርስዎንም አንድ ወቅት ነክቶዎት ነበር። ሰውነትዎ ታግሎ አስወጥቶታል። አሁን ነጻ ነዎት።" ሐናን እንደ ተወለደች ክትባቱን ስላገኘች ምንም አልነካትም።

መኪና ውስጥ ሰዓዳ ሞተሩን ሳታስነሣ ቆየች። ሁለት እጇ መሪው ላይ ነው።

"በልቤ ብዙ ነገር ብዬሃለሁ" አለች። "አውፍ በለኝ።"

ያን ጊዜ አውፍ ብዬሻለሁ፣ ይቅር ብዬሻለሁ ማለት ነበረብኝ። አልወጣልኝም። ተጠርጥሬ የተኛሁባቸው ቀናት አልለቅ አሉኝ። እሷም ሳታውቀው ከእኔ የያዛት ሊሆን የሚችል በሽታ ታግላ እንደጣለች እያሰብኩ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ቃሉን የነገርኳት ከቀናት በኋላ፣ ደረጃ መውጣት እያለማመደችኝ ሳለ ነው። "አንቺም አውፍ በይኝ" አልኳት። ክንዴን ይዛኝ ስለነበር ጠበቅ አደረገችው፤ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ወጣን።

ማገገም ቀጥ ያለ መንገድ አይደለም። ስፕሪንግፊልድ ወዳለው ፊዚዮቴራፒ ስመላለስ አንድ ሳምንት ያለ ዎከር ሄጄ በሚቀጥለው ሳምንት ከአልጋ መውረድ ያቅተኝ ነበር፤ የተተከለው ቆዳ ያሳክካል፤ የሌሉት ጣቶቼ ያሙኛል፤ ቫኑንም ዳግም መንዳት ስላልቻልኩ ዛሬ ቢሮ ተቀምጬ ለሌሎች ሹፌሮች የጉዞ መስመር አወጣለሁ። አነክሳለሁ። አንዳንድ ቀን ለምን እኔ እያልኩ እናደዳለሁ፤ ከዚያ ሰላቴን ወንበር ላይ ተቀምጬ እሰግድና ሥራዬ እሄዳለሁ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ቁስል ካላችሁ፣ የምላጭ ጭረት እንኳ ቢሆን፣ በሞቃት ወራት ባሕር ውስጥ አትግቡ፤ ጉበታችሁ የታመመ ከሆነ ደግሞ ያልበሰለ የባሕር ምግብ አትብሉ። ከባሕር መልስ ቁስል ቀልቶ ትኩሳት ከመጣ አንድ ሰዓት እንኳ አትጠብቁ፤ ለሐኪሙም ባሕር ገብቼ ነበር በሉት። ለሄፓታይተስ ቢ ተመርመሩ፤ ትንሽ ደም ነው የሚወስዱት። አብሮ በመብላት፣ በመተቃቀፍ፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም። ይህን የምለው ሊጠይቁኝ መጥተው ስኒዬን በዓይናቸው የሸሹ ሰዎች ስላየሁ ነው። አልተቀየምኳቸውም፤ ሳላውቅ በፊት እኔም እንደነሱ እሆን ነበር።

እዚያች ከተማ መስመሩን ያሰመረችው ሐኪም፣ አይዞዎት ያለችኝ አስተርጓሚ፣ ስማቸውን አላውቀውም። አላህ ያውቃቸዋል። ሰዓዳንና ሐናንን የማመሰግንበት ቃል ግን የለኝም፤ ስለሌለኝም በየቀኑ እፈልገዋለሁ።

የምነግራችሁ አንድ ሰው ቀርቶኛል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ኢብራሂም። የአንድ እናት ልጆች ነን። ተመርመር ስለው፣ "እኔ ምንም አላመመኝም፤ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይወራ" ብሎ ዘጋብኝ። ደግሜ ደወልኩ። ወራት ሙሉ ደወልኩ። በመጨረሻ ስካይላይን ድረስ መጣና፣ ሱሪዬን ሰብስቤ እግሬን አሳየሁት። ብዙ አየው። ጫማውን አድርጎ ሄደ። ከዚያ በኋላ የደወለው እሱ ነው።

"ውጤቱ መጣ" አለኝ። "አለብኝ። ጉበቴ ግን ገና ንጹሕ ነው አሉኝ።"

"አልሐምዱሊላህ" አልኩ፤ ተቀመጥኩ።

አሁን ሁለታችንም በየጠዋቱ ቫይረሱን የሚያስታግሰውን ክኒናችንን እንውጣለን። ቁርስ ላይ ስልኬ ይጮኻል።

"ዋጥክ?" ይለኛል።

"ዋጥኩ። አንተስ?"

"ውኃዬን ይዤ ነው የደወልኩት።"

ስልኩን ሳልዘጋ እጠብቀዋለሁ።