በጆሮ የተመረጠ ፓምፕ

ፋብሪካው ውስጥ በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ሁሉም «ጆሮው» ይሉት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የሽመና ፋብሪካ ፓምፖችን ሲጠግን ኖረ። ፓምፕ ታመመ ሲባል ካቻቢቴውን ከደረት ኪሱ ይመዝዝና፣ ጫፉን ከሚንቀጠቀጠው ብረት፣ እጀታውን ከጆሮው ሥር አስደግፎ ዓይኑን ይጨፍናል። የተኛ ልጇን እስትንፋስ የምታዳምጥ እናት ነበር የሚመስለው። ከዚያ «የኋለኛው ኩሽኔታ ነው» ይላል። ሲፈቱት የኋለኛው ኩሽኔታ ነው። በዚህ ጆሮ ተከበረ፣ በዚህ ጆሮ ልጆች አሳደገ፣ ከዚሁ ጆሮው ጋር ጡረታ ወጣ።

ጡረታ ሲወጣ የቀረው ደስታ አንድ ነበር፤ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ። ታላቁ ማተሚያ ቤት ፊደል ሲለቅም ያረጀ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ከአፉ ዜማ የማይጠፋ ሰው ነው። ብቅሉን የሚያፈሉት ግቢው ጥግ ባለችው ኩሽና ነው። ቢራው የሚብላላው ግን ቀዝቀዝ በምትለው ላይኛዋ ጓዳ ስለነበር፣ ሠላሳ ሊትር የፈላ የብቅል ጭማቂ ሰባት ደረጃ ወደ ላይ መውጣት አለበት። ድስቱ ሁለት እጀታ አለው። አንዱን ታላቁ፣ አንዱን ታናሹ ይዘው፣ እንፋሎቱ ፊታቸውን እያጠበው ሲወጡ ታላቁ የራሱን ግጥም ያንጎራጉራል፤

ቀስ ብለህ ውጣ እንጂ፣ ደረጃው ሰባት ነው፤
ትኩስ የያዘ ሰው፣ ጥድፊያው ለምኑ ነው።

ቢራው ሲደርስ ደግሞ ሕግ ነበራቸው። የመጀመሪያውን ጉንጭ ታላቁ ሳይቀምስ ታናሹ አይቀምስም።

አንድ ዓመት የታላቁ ጉሮሮ ታመመ። ሐኪሟ አልሸፋፈነችላቸውም። የጨረር ሕክምናው ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ ዕለት ይጀመራል። ሲጀመር ምላሱ ጣዕም መለየት ያቆማል። ይመለስ ይሆናል፤ ላይመለስም ይችላል። ከሆስፒታሉ በር ሲወጡ ታላቁ የወንድሙን ክንድ ያዘ።

«ከምላሴ ጋር ልሰናበት። አንድ ጊዜ የኛን ቢራ አጠጣኝ።»

«አምስት ሳምንት ይበቃል ጋሼ። ለሁለተኛ ጥንስስ ግን ጊዜ የለም።»

«እጀታውን ማን ይይዝልሃል? እኔ እንደሆን ትራስ ማንሳት አቅቶኛል።»

«ማንም አይይዝም። ፓምፕ እገዛለሁ።»

«በመጨረሻ በብረት ተካኸኝ» ብሎ ሳቀ ታላቁ። ሳቁ መሃል ላይ ሳል ሆነ።

የታናሹ ሚስት «ጎረቤታችንን ብትጠራው ምን አለበት? አናጢ ነው፤ ጉልበት አለው» ብትለው «የወንድሜን እጀታ ሰው አይነካብኝም» አለ። በማግስቱ ካቻቢቴውን ኪሱ ከትቶ ወደ ፓምፕ ሱቅ ሄደ።

ሻጯ መነጽር ያደረገች ወጣት ነበረች። ለምን እንደሚፈልገው ጠይቃው ስትረዳ አንዱን አውርዳ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችለት። ጭንቅላቱ የማይዝግ ብረት ነው፣ ማሸጊያው ሲሊኮን፤ ጎኑ ላይ ለምግብና ለመጠጥ እንደሚሆን የሚያሳይ የብርጭቆና የሹካ ሥዕል ታትሞበታል።

«የእርስዎ ይኼ ነው አባባ። የፈላ ይችላል፤ የሚጠጣ ነገር ቢያልፍበትም ምንም አይለቅበትም።»

«እስቲ አስነሺው።»

ካቻቢቴውን ደገፈበትና ዓይኑን ጨፈነ። ፊቱ ተኮሳተረ። «ይኼማ ያጉረመርማል። አማቴን ነው የሚመስለው።»

ልጅቷ ሳቀች። እሱ ግን ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ካለች አንዲት የናስ ፓምፕ ላይ አርፏል። «ያቺስ?»

«እሷ የማሞቂያ ውሃ የምታዞር ናት። ለሚጠጣ ነገር አትሆንም።»

«ግድ የለም፣ አስነሺያት።»

ሲያዳምጣት ልቡ ቀለጠ። ኩሽኔታዋ ሐር ላይ የሚንሸራተት ይመስላል፤ ድምጿ ከሩቅ እንደሚሰማ እንጉርጉሮ ስስ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ያለች ፓምፕ አልገጠመችውም።

«አባባ፣ ድምፁን ይተዉት» አለች ሻጯ። «ቢራው የሚያልፍበትን ውስጡን ይዩ። ናሱ በምን እንደተቀላቀለ አይታወቅም፤ ጎማው ደግሞ ሲሞቅ ይለቃል፤ ይሸታል።»

«ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ እኔ ፓምፕ አዳምጥ ነበር። የታመመ ነገር ድምፁ ይናገራል።»

«ይኼ እኮ በሽታ አይደለም። የተሠራበት ነገር ነው።»

«አንቺ ጠቅልያት ብቻ።»

«እንግዲህ ነግሬዎታለሁ» ብላ ጠቀለለችለት።

በጥንስሱ ቀን ፓምፗ አላሳፈረችውም። የፈላውን ጭማቂ ሰባቱን ደረጃ ያለ አንድ ጠብታ ፍሳሽ አወጣችው። እሱ ከደረጃው ሥር ቆሞ ድምጿን ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሚስቱ በበሩ ብቅ አለች።

«ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

«አዲስ ዕቃ ነው። አዲስ ጫማስ አይሸትም?»

«አዲስ ጫማ ማን ይጠጣል?» ብላው ተመለሰች።

አምስቱ ሳምንት አለፈ። እሑድ ቀትር ላይ ታላቁ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ መጣና መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ቢራው ተቀዳለት። ቀለሙ ያማረ፣ አረፋው የቆመ ነበር። ታላቁ ብርጭቆውን ብርሃን ላይ አየው፤ ተጎነጨ፤ አፉ ውስጥ ትንሽ አቆይቶ ዋጠ። 

«እንዴት ነው ጋሼ?»

«ሄዷል።»

«ምኑ?»

«ምላሴ። ሳይነኩት በፊት ሄዷል። ቢራ አይለኝም፤ የተቃጠለ ጎማ ነው የሚለኝ።» በሻርፑ ጫፍ ከንፈሩን ጠረገ። «ይሻላል። ነገ የሚወስዱብኝ ነገር የለም ማለት ነው።»

ታናሹ የራሱን ብርጭቆ አንሥቶ ቀመሰ። ጎማ ነው። ከጎማው ሥር ደግሞ እንደ ሳንቲም ምላስ ላይ የሚቀር የናስ ጣዕም አለ። ዝም ቢል ወንድሙ ቀለል ብሎት ይሄዳል። ዝም ቢል ግን ወንድሙ ገና በሕይወት ያለ ምላሱን፣ በቀረችው አንድ ቀን፣ እንደ ሞተ አልቅሶ ሊሸኘው ነው።

«ምላስህ ደህና ነው ጋሼ። ፓምፑ ነው።»

ታላቁ ቀና አለ። «ሻጩ አልነገረህም?»

«ነግራኛለች።»

«ታዲያ?»

«ድምፁ ጥሩ ነበር።»

«ድምፁ» አለ ታላቁ። ብርጭቆውን በእጁ ጀርባ ገፋ አደረገው። «ቆርጦልኝ ነበር እኮ። ቀብሬው ተነሥቼ ነበር። አሁን አለ ትለኛለህ፤ የማጠጣው ግን የለኝም።»

«ሮጥ ብዬ ከመሸጫው ቢራ ላምጣልህ።»

«የመሸጫውን መች አልኩህ? የኛን ነው ያልኩህ።»

ታናሹ ብርጭቆውን ከፊቱ አነሣለት።

«ውሃ ስጠኝ» አለ ታላቁ።

አመጣለት። ታላቁ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በትንሽ በትንሹ፣ እያንዳንዱን ጉንጭ ምላሱ ላይ እያንከባለለ ጠጣው። ብርጭቆው ባዶ ሲሆን ዓይኑን ገለጠና ሻርፑን አጠበቀ።

«ይጣፍጣል» አለ። «ነገ ሆስፒታል አንተ አትምጣ። ሚስትህ ትሸኘኝ።»