ድንቅቱ አስፋልት ላይ የተቀመጠችበት ቀን

ድንቅቱ መጀመሪያ ላይ ቆንጣጭ እናት ነበረች። የአምስት ዓመቷ ኤቢሴ ስሟ ሲጠራ ዞር አትልም፣ የሰው ዓይን አታይም፣ ከእኩዮቿ ጋር አትጫወትም። ሰፈሩም "አቀማጥለሻት ነው" ይላታል። ኦቲዝም የሚባለውን ቃል የነገረቻት አንዲት ነርስ ናት። "አትጎትቻት። የምታደርገውን አብረሻት አድርጊ፣ ከዚያ ጠብቂ" አለቻት። ከዚያ ወዲህ ድንቅቱ ወለል ላይ ተቀምጣ፣ ልጅቷ መሬቱን በመዳፏ ስትመታ አብራት ትመታ ጀመር።

ባሏ ዲሪርሳ ይህ አልተዋጠለትም። "ልጅ እያሳደግሽ ነው ወይስ አንቺም ልጅ ሆነሽ ቀረሽ?" ይላታል።

ታኅሣሥ 2008፣ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሰበታ በደረሰ ሰሞን፣ ሦስቱ ከገበያ ሲመለሱ ተማሪዎች እየጮኹ ወደ እነሱ ሮጡ። ከኋላ ተኩስ ተሰማ። ኤቢሴ ጆሮዋን ይዛ አስፋልቱ መሐል ዘፍ አለች።

ዲሪርሳ ብድግ ሲያደርጋት እጁን ነክሳ አመለጠችውና ጭንቅላቷን ከአስፋልቱ ጋር ታላትም ጀመር።

"ተዋት!" አለች ድንቅቱ።

"ልናልቅ ነው እኮ!"

"ስትጎትታት ነው የምናልቀው።"

ነጠላዋን አጣጥፋ ከልጇ ጭንቅላት ሥር አደረገችና አጠገቧ ተቀመጠች። ድንጋይ በላያቸው ያልፋል፤ አስለቃሽ ጭስ ዓይኗን ይለበልባታል። አስፋልቱን በመዳፏ መታ መታ አደረገች። ጠበቀች። ደገመች። ልቧ "ተነሺና ሩጪ" ይላታል። ዲሪርሳ እጆቹን ዘርግቶ የሚሮጠውን ሰው ይከላከልላቸዋል። በሦስተኛው ትንሿ መዳፍ መለሰችላት። ኤቢሴ ራሷ ተነሥታ የእናቷን ቀሚስ ያዘች።

ባለሱቋ ሬሐና የብረት በሯን ገርበብ አድርጋ፣ "ኮታ! ኑ፣ ቶሎ ግቡ!" አለቻቸው።

ውስጥ ሰባት ሰው ትንፋሹን ውጦ ቆሟል። የወታደር ኮቴ ደጃፉ ላይ ሲቆም ሁሉም ኤቢሴን አየ። ብትጮህስ? ሳግ የያዛት ግን የሬሐና ልጅ ጀዋሂር ነበረች። እናቷ አፏን ልትይዝ ስትል ኤቢሴ ቀስ ብላ ሄዳ ከጎኗ ተቀመጠች፤ እጇንም የጀዋሂር እጅ ላይ ጣል አደረገች። ወደ ሌላ ልጅ በራሷ ፈቃድ ስትቀርብ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ጀዋሂር በግርምት አየቻትና ዝም አለች። ኮቴው ራቀ።

በማግስቱ በተቃውሞው የተነሣ ሥራ ዝግ ነበር። ዲሪርሳ ቤት ውስጥ ከልጁ ራቅ ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ፊቷን አዞረችበት።

"አሁን ምን ላድርግ?" አላት ድንቅቱን።

"ምንም። እዚያው ሁን።"

ተቀመጠ። በነጋታውም ተቀመጠ። ኤቢሴ ጀርባዋን እግሩ ላይ ያስደገፈችው ለፋሲካ ጥቂት ቀን ሲቀር ነው።

ጀዋሂር ቤታቸው መመላለስ ጀመረች። ኤቢሴ አንዳንድ ቀን አብራት ትቀመጣለች፣ አንዳንድ ቀን ፊት ትነሣታለች። ያኔ ድንቅቱ ጀዋሂርን ትሸኛትና፣ "ነገ ደግሞ ነይ" ትላታለች።