የእመቤት ብርጭቆ

ኔሊ ክራብትሪ ዕድሜዋን ሙሉ የተጣላችው ከአንድ ቃል ጋር ነው። ቃሉ ስድብ አይደለም፤ ስድብ ቢሆንማ እጥፉን መልሳ በተገላገለች! ቃሉ «እመቤት» ነው። በእንግሊዝ አገር፣ በእነ ኔሊ የዮርክሸር ከተማ፣ ይህ ቃል ሌላ ቃል ፊት ሲለጠፍ ክብር መስሎ ይመጣና በር ዘግቶ ይሄዳል። ልጅ ሳለች አጥር ላይ ስትወጣ «የእመቤት ወግ አይደለም!» ብለው ያወርዷታል። ስታፏጭ «የእመቤት ወግ አይደለም!» ከእመቤቶች ሁሉ የምትወደው አንዷን ብቻ ነበር፤ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባትን ቀይ ጥንዚዛ፣ የአገሩ ሰው «የእመቤት ወፍ» የሚላትን።

«አየሻት ይቺን?» አላት አባቷ አሞስ አንድ ቀን ጎመኑ ላይ እያሳያት። «ስሟ እመቤት፣ ሥራዋ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ተባይ መፍጀት። ስም አይግዛሽ፣ ልጄ።»

አሞስ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ሚስቱ በወጣትነቷ ስለሞተች ኔሊን ብቻውን አሳደጋት፤ ሌላ ልጅም የለው። እሷም አድጋ እሱ በሚሠራበት የአውቶቡስ ጋራዥ ቲኬት ቆራጭ ሆነች። ቆይታ ደግሞ «መሪ ልያዝ» አለች። ጉድ ፈላ! ወንዶቹ ስብሰባ ተቀመጡ፣ ጠረጴዛ ደበደቡ። ፈተናውን አልፋ በመጣችበት ጠዋት አውቶቡሷ ኋላ ላይ «እመቤት ሾፌር! ነፍስህን አድን» የሚል ካርቶን ተሰቅሎ ጠበቃት። አላወረደችውም። «ያነበበ ይሽሽ» ብላ ወጥታ ተቀመጠች።

የዚያን ዕለት አብሯት የተመደበው ቲኬት ቆራጭ የአባቷ የልብ ወዳጅ ኤርነስት ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ግትርነቱ ግን አይጣል! በእነሱ አገር ቲኬት ቆራጩ ደወሉን ሁለቴ ካልደወለ ሾፌር ንቅንቅ አይልም። ኤርነስት እጁን አጣጥፎ ቆመ።

«አጎቴ ኤርነስት፣ አይደውሉም እንዴ?»

«ለእመቤት ሾፌር አልደውልም።»

«እንግዲያው እዚሁ እናረጃለን» አለችና ከቦርሳዋ የጀመረችውን ሹራብ አውጥታ መሥራት ጀመረች።

ወደ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚጣደፉት ሴቶች ከኋላ ተንጫጩ። «አንተ ሽማግሌ፣ እንደ ጅብራ ምን ገተረህ? የፋብሪካው በር ሲዘጋብን አንተ ልትከፍትልን ነው?» አለች አንዷ። ሌላዋ ጃንጥላዋን አነሳች። ኤርነስት ጃንጥላውን አየና ደወለ። ድን፣ ድን። ኔሊ ሹራቧን አስቀምጣ ነዳች። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አብረው ሠሩ፤ ያን ጠዋት ግን ማንኛቸውም አላነሱትም።

አሞስ ሲሞት ጠቡ እንደገና ተነሳ። ከጋራዡ ማዶ ባለው መጠጥ ቤት የደንበኞች የቆርቆሮ ዋንጫ ከባንኮኒው በላይ በየሜንጦው ይሰቀላል። የዋንጫው ባለቤት ሲሞት ልጁ በቀብሩ ዕለት ዋንጫውን ሙሉ ቢራ፣ ቆሞ፣ ባንድ ትንፋሽ ይጨልጥለታል፤ ዋንጫውም ሜንጦውም የልጁ ይሆናል። ችግሩ ዋንጫዎቹ ያሉት ሴት በማትገባበት በወንዶቹ ክፍል መሆኑ ነው። ሴት የምትቀመጠው በጎን በኩል ባለችው ጠባብ ጓዳ ነው። የምትጠጣውም በ«እመቤት ብርጭቆ»፤ እግሯ የቀጠነ፣ የዋንጫውን ግማሽ ብቻ የምትይዝ ብርጭቆ።

ኔሊ ከመቃብሩ መጥታ፣ ጥቁር ካፖርቷን እንደለበሰች፣ በወንዶቹ በር ሰተት ብላ ገባች።

«ኔሊዬ፣ በሩን ተሳሳትሽ» አለ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ክላረንስ።

«አልተሳሳትኩም። የአባቴን ዋንጫ ሙላልኝ።»

«ሬጂ ይጠጣለታል። የወንድሙ ልጅ ነው፣ ወንድ ነው።»

«ሬጂ? አባዬ ክረምቱን ሙሉ ሲያስል ሬጂ በደጃችን እንኳ አልፎ ያውቃል?»

ባንኮኒው ጥግ የቆመው ሬጂ ጫማውን አየ።

«ደንብ ደንብ ነው» አለ ክላረንስ። «ለሴት የምቀዳው በእመቤት ብርጭቆ ነው። በዋንጫ አልቀዳም። አባቴም ቀድቶ አያውቅም!»

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ተረት የእኛ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ያን ቀን የክላረንስን ፊት ማየት ነበረበት። ሐዘኑ አንሶ ንዴት! ኔሊ ለመውጣት ዞር አለች፤ ከዚያ ተመለሰች።

«እሺ፣ በእመቤት ብርጭቆ ቅዳልኝ።»

«እንዲህ ነው እንጂ!» አለ፤ ቀዳላት።

«አንድ ጨምር።»

ጨመረላት። ሁለቱ ብርጭቆዎች ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን ቆሙ።

«በል አሁን ዋንጫውን አውርድልኝ። አንተ እንደ ደንብህ ቀድተሃል፤ የቀረውን እኔ ወደ ዋንጫው እገለብጣለሁ።»

ክላረንስ እንደ ቲማቲም ቀላ። «ሞቼ ነው የማወርደው!»

ጥግ ላይ ወንበር ተንቋቋ። ኤርነስት ነው፤ አርጅቷል፣ ጉልበቱም እንደ ድሮው አይታዘዘውም። ከዘራውን አነሳና በዋንጫው እጀታ አስገብቶ ከሜንጦው አወረደው። ፊቷ አኖረላት።

ኔሊ አንዱን ብርጭቆ ዋንጫው ውስጥ ገለበጠች፤ ሁለተኛውን ደገመች። ዋንጫው እስከ አፉ ሞላ። አነሳችው፤ ግን ከአፏ ሳታደርሰው ቆመች። የአባቷ እጅ የነካው እጀታ ነው። ዋንጫው አዘመመ፣ አረፋው ካፖርቷ ላይ ፈሰሰ፤ ሬጂ ፈገግ ማለት ጀመረ። የወንድ ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ነው። ብታስቀምጠው አለቀ፣ ዋንጫው የሬጂ ነው።

ኤርነስት ፒፓውን ከአፉ አወጣና ባንኮኒውን መታ። ድን፣ ድን።

ኔሊ ጨለጠችው። ባንድ ትንፋሽ፣ እስከ አተላው! ከዚያ አፏን በካፖርቷ እጅጌ ጠረገች፤ የእመቤት ወግ አይደለም። ባዶውን ዋንጫ ወደ ክላረንስ ገፋችለት።

«እጠበውና ሜንጦው ላይ መልሰው» አለችው። «ነገ ከሥራ ስወጣ እፈልገዋለሁ።»