ከእሁድ የተረፉ ፎቶዎች

ብዙ ፎቶ በአንድ ጊዜ ስቶሪ ላይ ማውጣት ከባድ አይደለም። አንዱን ፎቶ በጣት ተጭኖ መቆየት፣ ምልክቱ ሲመጣ ሌሎቹን ተራ በተራ መንካት ነው። በእያንዳንዱ ፎቶ ጥግ ላይ ቁጥር ይወጣል። መጀመሪያ የተነካው አንድ ይሆናል፣ ቀጥሎ የተነካው ሁለት። ሰውም የሚያየው በዚያው ተራ ነው። ይህን ለመምህራን ክፍል ባልደረቦቼ በሙሉ አስረድቻለሁ። አብዛኞቹ የሚሳሳቱት ተራው ላይ ነው። ዝም ብለው ይነካኩና በሠርጉ ፎቶ ላይ ሙሽራዋ ሳትመጣ እንግዳው በልቶ ሲሄድ ይታያል።

የማስተምረው አምባ ጊዮርጊስ ነው። አባቴ የሚኖርበት መንደር ከከተማው በእግር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። እናታችን ካረፈች ወዲህ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ወደ እሱ እወጣ ነበር። ልብሱን አጥብለታለሁ፣ ቤቱን አስተካክላለሁ፣ ከዚያ ፎቶ አነሳለሁ። ፎቶው ለእህቴ ነው። እህቴ ታላቄ ናት፤ አግብታ ጎንደር ከተማ ትኖራለች። አባቴ የስልክ ወሬ አይሆንለትም ነበር። ጆሮው ስለደከመ «ደህና ነሽ? እኔ ደህና ነኝ!» ብሎ ይጮኽና መልሱን ሳይሰማ ስልኩን ይመልስልኛል። ስለዚህ እህቴ አባቷን የምታየው በእኔ ስቶሪ ነበር።

ተራው ሁልጊዜ አንድ ነው። መጀመሪያ መንገዱ፣ ቀጥሎ የገብሱ ማሳ፣ ቀጥሎ ቤቱ ከነግቢው፣ ከዚያ አባቴ ከዘራውን ይዞ፣ መጨረሻ ላይ አባቴ ከቅርብ። እህቴ ይህን ስታይ ትስቅብኝ ነበር። «አንቺ ቲቸር፣ ፎቶዎችሽ እንኳ ሰልፍ ይይዛሉ» ብላ ትጽፍልኛለች። «አንድ ቀን አባባን ከገብሱ አስቀድሚው፤ ትምህርት ቤቱ አይፈርስም።»

የማነሳው ብዙ ነው፣ የማወጣው ጥቂት። ሌላው ስልኬ ውስጥ ይቀራል። ዓይኑን የጨፈነበት፣ የደበዘዘው፣ ግማሽ ራሱ የተቆረጠበት፣ በቅሎዋን ሲቆጣ አፉ የተከፈተበት። ላጠፋቸው እያሰብኩ ሳላጠፋቸው ቆዩ።

መስከረም ሊያልቅ ሲል እህቴ ወንድ ልጅ ወለደች። ጥቅምት ላይ አባቴ አረፈ። ደረቱን ጥቂት ቀን አሞት ነበር፤ አንድ ማለዳ አልነቃም። ሴቶቹ ሲያለቅሱ እኔ ለለቀስተኛ የወጣውን አግዳሚ በመስመር አስተካክል ነበር። ጎረቤቶቻችን «ምነው እንዲህ ደረቀች?» ሲባባሉ ሰምቻቸዋለሁ። ትክክል ነበሩ። ደርቄ ነበር። ክፍል ውስጥ ጠመኔ ሲያልቅ የሚሰማኝን ያህል እንኳ የተሰማኝ ነገር አልነበረም።

በሰልስቱ ዕለት የአባቴ ታላቅ ወንድም እኔንና የእህቴን ባል ከቤቱ ጀርባ ጠራን። የእህቴ ባል ለሚስቱ «ለሥራ ነው» ብሎ የመጣ ነው። አጎቴ ነገሩን ቀድሞ ጨርሶት ነበር።

«አራስ መርዶ አይነገራትም» አለ። «ወተቷ ይደርቃል። ልጁ ክርስትና ይነሣ፣ በማግስቱ ሄደን እንነግራታለን። የሕፃኑ አርባ ከአያቱ አርባ ይቀድማል። ለተዝካሩ ትደርሳለች።»

ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ይጠመቃል። የሞተም ሰው ተዝካሩ በአርባ ቀኑ ነው። ሁለቱ አርባዎች ተከታትለው ነበር የሚመጡት። በመካከላቸው ያለው ጊዜ ለማርዳት ይበቃል።

«እስከዚያ ስልኳን ልደብቀው?» አለ የእህቴ ባል።

«ምነው! ስልኳን ከወሰድህባት ያኔውኑ ተረዳች።»

«እንግዲያ ችግሩ የዚህችኛዋ ስልክ ነው» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። «አራስ ናት፣ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ነው ዓይኗ። እሁድ አባቷን ካላየች ሰኞ ጠዋት ልጇን አዝላ መናኸሪያ ነው የምትገኘው።»

አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። «ያ ፎቶ የት ነው የሚቀመጠው?»

«አይቀመጥም አያ። አንድ ቀን ይታይና ይጠፋል።»

«ከጠፋ ምን ይሠራል?»

«ሰው እንዲያየው ነው።»

«አይቶትስ?»

«አይቶት ያልፋል።»

«ሥራ ፈት ሁላ!» አለ። ከዚያ ጋቢውን አስተካክሎ፣ «በይ እንግዲህ አታቋርጪ። አባትሽ እሁድ እሁድ ይታይ» አለኝ።

የአጎቶቼ ልጆች ስለ ለቅሶው ምንም እንዳያወጡ ተነገራቸው። አንዱ ግን ቀድሞ አውጥቶ ነበር። አስጠፋሁት፤ ከማጥፋቱ በፊት ማን ማን እንዳየው ዝርዝሩን አብረን ከፍተን ተመለከትን። እህቴ አልነበረችበትም።

የመጀመሪያው እሁድ መጣ። የአባቴ መደብ ላይ ተቀምጬ ጋለሪውን ከፈትኩ። ቶሎ የገባኝ አንድ ነገር ነበር። የተረፉት ፎቶዎች አብዛኞቹ የክረምት ናቸው፤ አባቴ ከኋላው ገብሱ አረንጓዴ ነው። ከቤት ውጭ ያለው ገብስ ግን ቢጫ ሆኗል። እህቴ የገበሬ ልጅ ናት፤ ከሰው ፊት ይልቅ መጀመሪያ የምታየው ማሳውን ነው። ስለዚህ መንገዱን፣ ማሳውንና ግቢውን እንደ አዲስ አነሳሁ። አባቴን ደግሞ ከአሮጌዎቹ ውስጥ፣ ማሳ ከማይታይባቸው ውስጥ መረጥኩ። በካቡ ጥግ ቆሞ ዓይኑን የጨፈነበትን አገኘሁ። ያ ፎቶ የተነሳ ቀን ደመና ስለነበር አዲሶቹን ያነሳሁት ፀሐይዋ እስክትሸፈን ጠብቄ ነው። ከዚያ ተራ በተራ ነካኋቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አባቴ አራተኛ።

ወዲያው አየችው። ከተመልካቾቹ ዝርዝር ላይ ሁልጊዜ የመጀመሪያዋ እሷ ናት።

«አባባ ከሳ?» ብላ ጻፈች።

«አልከሳም። ፎቶው ነው።»

ቀጥላ የልጇን ፎቶ ላከችልኝ፤ ታጥቦ፣ በነጭ ተጠቅልሎ። «አሳይው» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ምን አለ?»

«ሸጋ ልጅ ነው አለ» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ እንዲሁ ሆነ። እሷ የልጇን ፎቶ ትልካለች፣ እኔ አባቴ ያለውን እጽፋለሁ። «ግንባሩ የእማማ ነው አለ።» «እደጉ ተመንደጉ አለ።» በፈተና ወረቀት ላይ ክፍት ቦታ መሙላት ማለት ነው፤ መልሱ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ከጥያቄው ይታወቃል። ጽፌ ስጨርስ ከሰኞ ትምህርት ዝግጅቴ የቀረውን እሠራ ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ ሊበላሽ ነበር። አንዲት ባልደረባዬ የጠዋቱን ሰልፍ ፎቶ አንስታ እኔን ታግ አድርጋ አወጣችው። ከተማሪዎቹ ጀርባ ቆሜአለሁ። ነጠላዬ የሐዘን ነው፤ ጥለቱ ከታች መሆኑ ቀርቶ አንገቴ ላይ ወጥቷል። እንዲህ የሚለብስ ሰው ለቅሶ እንዳለበት ሕፃን ልጅም ያውቃል። የእህቴ መልእክት ደረሰ።

«ማን ሞተ?»

«አንዲት የጎረቤት ሴት። አታውቂያትም።»

«ነፍስ ይማር። አባባ ቀብር ሄደ?»

«ሄዷል» አልኳት።

በመሃል አንድ ቅዳሜ ልጠይቃት ጎንደር ወረድኩ፤ እህት አራስ ሳትጠይቅ አይሆንም። መናኸሪያው አቅራቢያ ከምትኖር የኮሌጅ ጓደኛዬ ቤት ገብቼ ጥቁሩን አወለቅሁ፣ ቢጫ ሹራብ ለበስኩ። ጓደኛዬ ከንፈሯን ስትመጥ አየኋት። የምትለኝ ነገር እንዳይኖር ቶሎ ወጣሁ። የያዝኩትን ቅቤ እህቴ አሽትታ «የአባባ ላም ናት» አለች። የእሱ ላም ነበረች፣ ውሸት አልነበረበትም።

«ለክርስትናው ይመጣል አይደል?»

«መንገዱ እኮ አንዴ ክፍት አንዴ ዝግ ነው።»

«ማኪና ከሌለ በበቅሎ ይምጣ! ባለፈው እሁድ አይቻታለሁ፤ እንደ ባለሥልጣን ሚስት ወፍራ የለ?»

«በበቅሎ ይርቀዋል።»

«ለልጅ ልጁ? ሚስት ሊያጭ በእግሩ ደባት ድረስ ሄዷል ሲሉ አልሰማሽም?» ሕፃኑን ወደ ሌላው ጡቷ አዛወረችው። «አንቺ ደግሞ ምነው ዛሬ አላስረዳሽኝም? ሌላ ጊዜ ውኃ እንዴት እንደሚፈላ ሳይቀር ታስረጂኝ ነበር።»

«ደክሞኝ ነው» አልኳት። ደክሞኝም ነበር።

ፎቶዎቹ አለቁ። ከክርስትናው በፊት ባለው እሁድ ማሳ የማይታይበት፣ ያልወጣ አንድ ብቻ ቀረኝ። አባቴ ከዘራውን ይዞ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ግቢው በር ሲሄድ ነው። መቼ እንዳነሳሁት አላስታውስም፤ ምናልባት ለሌላ ነገር ስዘጋጅ ጣቴ ነክቶት ይሆናል። ሌላ ስላልነበረ እሱን አወጣሁ።

«ዞር በል በይው» ብላ ጻፈች እህቴ። ከፊቱ የሚስቅ ምልክት አድርጋበታለች።

ያን ቀን ስልኬን ዘግቼ ወደ ከተማ ወረድኩ። ሌላ የማስታውሰው የለም።

ለክርስትናው ቢጫ ሹራቤን ለብሼ ሄድኩ። አባቴ ብርድ መትቶት እንደቀረ ተነገራት። ተቆጣች፣ ከዚያ እንግዳ ሲበዛባት ተወችው። እኔ ፎቶ አነሳሁ፤ ሕፃኑን፣ የክርስትና አባቱን፣ ድፎውን። በተራቸው ደርድሬ ስቶሪ ላይ አወጣኋቸው፣ አንዱም አልተዘበራረቀም። አጎቴና ሌሎቹ ሽማግሌዎች በዚያው ምሽት ገብተው ዘመድ ቤት አደሩ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሩን የእህቴ ባል ከፈተልን። አጎቴ ከፊት፣ የነፍስ አባታችን ቀጥሎ፣ እኔ ከኋላቸው። እህቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ልጇን ታጠባለች። ሽማግሌዎቹን ሳይሆን ነጠላዬን ነው ያየችው። አንገቴ ላይ ያለውን ጥለት አየች። ከዚያ አንገቷን ዘርግታ ከኋላችን ሌላ የሚገባ ሰው እንዳለ ተመለከተች። ማንም አልነበረም።

«አያ» አለች አጎቴን። «አባባስ?»

«እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ» አላት።

ሕፃኑን ከእጇ ተቀብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። የእሷን ጩኸት የሰማሁት ከዚያ ሆኜ ነው። ሕፃኑ አላለቀሰም፣ እኔም።

ከሰዓት በኋላ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ዓይኗ አብጦ፣ ለቀስተኛው ቀለል ሲል አጠገቧ እንድቀመጥ ጠቆመችኝ። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ስልኳን አወጣች። ስቶሪው በማግስቱ ስለሚጠፋባት የአባቴን ፎቶ ሁሉ ስክሪንሾት እያደረገች አስቀምጣ ኖሯል።

«የትኞቹ ናቸው እሱ እያለ የወጡት?»

አስረዳኋት። ይህ እያለ ነው። ይህኛው ካረፈ በኋላ ነው፣ ፎቶው ግን የነሐሴ ነው፤ ማሳው የዚያ እሁድ፣ እሱ የክረምት። ይህን ያነሳሁት ቁርበቱን ፀሐይ ላይ ሲያሰጣ ነው። ይህን አላስታውስም። እንደ ጎበዝ ተማሪ ጸጥ ብላ ትሰማኝ ነበር። ጀርባውን የሰጠበት ላይ ስንደርስ ቆመች፤ እኔም አላስረዳሁም።

«ሸጋ ልጅ ነው ያለውስ?»

«እኔ ነኝ።»

«ግንባሩ የእማማ ነውስ?»

«እኔ ነኝ።»

«እደጉ ተመንደጉ?»

«እሱም እኔው ነኝ።»

«ስለ ልጄ ምንም ሳይል ነው እንዴ የሞተው?»

አንድ ያለው ነገር ነበር። እህቴ በወለደች ማግስት የመጀመሪያውን ፎቶ ልካልኝ «አሳይው» ስትለኝ ከትምህርት ቤት ቀጥታ ወደ አባቴ ወጥቼ ነበር። ያን ጊዜ ለእሷ የነገርኳት «ደስ ብሎታል» ብቻ ነው። እሱ ያለውን ለአራስ የሚነገር አድርጌ አልቆጠርኩትም።

«ብሏል» አልኳት። «መጀመሪያ ስልኩን ገልብጦ ያዘው፣ አቃናሁለት። ከዚያ አራቀው፣ አቀረበው፣ አራቀው። 'ምነው፣ ይሄ ከእኔም ያረጀ ነው!' አለ። 'ከዘራ ስጡት እንጂ!' አለና የራሱን ከዘራ ወደ ስልኩ ዘረጋለት።»

እህቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሳቅ መሆኑን ያወቅሁት ትከሻዋን አይቼ ነው። የተቀመጡት ሴቶች እንደ አዲስ የምታለቅስ መስሏቸው «በቃሽ፣ በቃሽ» አሏት።

«ይኼን ነው የደበቅሽኝ? ይኼን?» ክንዴን መታችኝ፤ ሕመሙ ተሰማኝ። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ በራሱ ቀልድ ራሱ ሳቀ። ብዙ ሳቀ።»

ስልኳን ዘረጋችልኝ። «እሱን አምጪው። ሲስቅ ያለውን።»

«የለም» አልኳት። «ስልኩ በእሱ እጅ ነበር።»