የመጀመሪያው ይበልጣል

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አላስወጣ ብሎኝ ሳሎን ቁጭ ብዬ የተማሪ ፈተና አርም ነበር። ልጄ ሰብለና ጓደኛዋ ትይዩዬ በአንዲት ስልክ ላይ ተደፍተው ፊልም ያያሉ። ሲጨርሱ ክርክር ገጠሙ። ፊልሙ እንደማይረባ ተስማምተዋል፤ ያልተስማሙት በሠሪው ላይ ነው። ጓደኛዋ፣ ያንን የመጀመሪያውን ፊልም የሠራ ሰው ከዚያ በኋላ ምንም ቢሠራ ይቅር ሊባል ይገባዋል ባይ ናት። የእኔዋ ምላሷ ስለት ነው፤ «ትናንት ጥሩ ሽሮ ያበላኝ ቤት ዛሬ አሳርሮ ቢያመጣልኝ አመስግኜ ልብላ?» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «አባዬ፣ አንተ ታውቀው የለ? በል ፍረድ» አለችኝ።

አውቀዋለሁ። ይበልጣል ይባላል። በእሱ ጉዳይ ግን ዳኛ ልሆን አልችልም፤ ከተከሳሾቹ አንዱ እኔ ነኝ።

ነገሩ ሃያ ምናምን ዓመት ሆነው። ያኔ ሉማሜ አስተምር ነበር። ላጤ ነኝ፤ ከትምህርት ቤት ስወጣ አስፋልቱ ዳር ካለችው ሻይ ቤት ፓስቲ በሻይ ሳልል ቤቴ አልገባም። አንድ የግንቦት ቀን ከአዲስ አበባ አውቶቡስ አንድ ቀጭን ጎልማሳ ወርዶ አጠገቤ ተቀመጠ። ቦርሳውን ከትከሻው ሳያወርድ አስተናጋጇን፣ አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ እንዴት ነው የሚያርሰው ብሎ ጠየቃት። ልጅቱ የሰውየው ነገር ግራ ገብቷት ወደ እኔ ጠቆመችው። እኔም፣ አንድ በሬ ካለው ሌላ ሰው ጋር አቀናጅተው በተራ እንደሚያርሱ፣ ይህም መቀናጆ እንደሚባል ነገርኩት። ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው። የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው፤ ግን በሕፃንነቱ ወደ አዲስ አበባ ስለሄደ ገጠሩን አያውቀውም፤ አለማወቁም አያሳፍረውም ነበር። ሊሠራ ያሰበው ፊልም በመቀናጆ ስለሚያርሱና ስለሚኳረፉ ሁለት ወንድማማቾች ነው።

ክረምቱ ጠንክሮ ሳይገባ ከአምበር ወዲያ ያሉትን መንደሮች አብሬው ዞርኩ። አባቴ ቄስ ስለነበሩ ጾሙንም በዓሉንም ከፊደል ጋር ነው የተማርኩት፤ እንዲህ ያለውን እኔን ይጠይቀኛል፣ የእርሻውን ገበሬዎቹን። የዚያን ሰው ጥያቄ እኮ ባያችሁ! ገበሬው ቆሎ ቢያቀርብልን እሱ ቆሎውን ትቶ ስለ ሞፈሩ እንጨት ይጠይቃል። እኔ ደግሞ ሆዴን እወዳለሁ፤ የእሱንም ድርሻ ስቆረጥም መልሱ ያልቃል። የጻፈውን ሲያነብልኝ «ይሄ እንኳ እንዲህ አይደለም» ካልኩት ፊቱ ይበራል፤ ስጦታ የሰጠሁት ነው የሚመስለው።

አንድ ቀን በሬዎቻቸውን ለፊልሙ ሊያውሱት ለተስማሙ አያ ጥሩነህ ለሚባሉ ሽማግሌ የጠቡን ቦታ አነበበላቸው። ወንድማማቾቹ ሁለት ገጽ ሙሉ ይሰዳደባሉ። አያ ጥሩነህ እስኪጨርስ ሰሙትና፣ «የሚሳደብማ መች ተኳረፈ? የተኳረፈ ሰው ዝም ነው» አሉት። ይበልጣል ሁለቱንም ገጽ ቦጨቃቸው። በኋላ ፊልሙ ሲወጣ አገሩን ያስለቀሰው ያ ቦታ ነው፤ አንዱ እያረሰ አንዱ ከኋላው እየዘራ፣ ሁለት ወንድማማቾች ቀኑን ሙሉ ቃል ሳይተነፍሱ ይውላሉ። ዛሬም ሳየው የሰኔ አፈር ሲገለበጥ የሚሸተው ሽታ ይመጣብኛል።

በዚያ ፊልም ስሙ ገነነ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፀጉር አስተካካዩም ባለ ጋሪውም የሚያወራው ስለ እሱ ነበር። እኔም ብሆን «አብሬው ነበርኩ» ሳልል የዋልኩበት ቀን የለም፤ ተማሪዎቼ ሳይሰለቻቸው አልቀረም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሁለተኛውን ሊቀርጽ በመስከረም መጣ። መንደሩ የባቄላ እሸት የደረሰበት፣ ሜዳው ቢጫ የሆነበት ጊዜ ነው። አሁን ሁለት መኪና አለ፣ ጃንጥላ የሚይዝለት ልጅ አለ፣ ሁሉም «ጋሽ ይበልጣል» ይለዋል። እሱ እንኳ አልኮራብኝም፤ አቅፎ ስሞኝ ከጎኑ አስቀመጠኝ። የተለወጥኩት እኔ ነኝ። አፌ ሳላዘው «እርስዎ» ይለው ጀመር። መጀመሪያ ሳቀብኝ፣ በሦስተኛው ቀን ለመደው። ደብተሩን ግን አላየሁትም። ጥያቄም የለም፤ ያዛል፣ ይሠራል።

የሚቀረጸው ከፊልሙ ሁሉ ትልቁ ቦታ ነበር። ለዓመታት ጠፍቶ የኖረ ልጅ ወደ እናቱ ይመለሳል። እናቲቱ በግ አሳርዳ፣ አደይ አበባ መሀል ቆማ በገዛ እጇ ሥጋ ታጎርሰዋለች፤ እንባዋ እየወረደም «ረቡዕ ሄደህ፣ ረቡዕ መጣህልኝ» ትለዋለች። ተዋናይቷ ይህን ስትል እኔ ደነገጥኩ። ረቡዕ! ማተብ ያሰረች የጎጃም እናት በጾም ቀን ሥጋ! ልጇ ከመቃብር ተነሥቶ ቢመጣ እንኳ ረቡዕ ከሆነ ሽሮ ነው የሚበላው።

እጄን አነሣሁ። ይበልጣል ዘወር ብሎ «ምነው?» አለኝ። ካሜራ የያዘው፣ ጃንጥላ የያዘው፣ ሁሉም እኔን ያያል። የወንድማማቾቹን ፊልም የሠራን ሰው እኔ፣ የሉማሜ መምህር፣ ላርመው? እኔ ያልገባኝ ምሥጢር ይኖረዋል አልኩ ለራሴ። «ምንም፣ ዝንብ ነው» ብዬ እጄን አራገብኩ። ዝንብ የሚባል ነገር አልነበረም።

ፊልሙ አልቆ በጥር ደብረ ማርቆስ አዳራሽ ለእይታ ሲቀርብ ሕዝቡ በሩን ሊሰብረው ነበር። ይበልጣል ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እኔ ሦስት ረድፍ ከኋላው ነኝ። ያቺ ቦታ እስክትደርስ ላብ አጠመቀኝ። ደረሰች። እናቲቱ አጎረሰች፣ አለቀሰች፣ ረቡዕ አለች። ከዚያ ከኋላ አንድ ጎርናና ድምፅ «ኧረ ጾም ነው!» አለ፤ ሕዝቡ ሊያለቅስበት የተሠራው ቦታ ላይ በሳቅ ፈረሰ። የይበልጣል አንገት ሲቀበር ከኋላው አየሁት።

አላስችል አለኝ። ብድግ ብዬ በመምህር ድምፄ፣ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕም ዓርብም እንደማይጾም፣ የዚህች እናት ረቡዕም በሃምሳው ውስጥ የምትውል መሆኗን አስረዳሁ። የሰው ሁሉ ሳቅ ቆመ። ያመኑኝ መሰለኝ፤ እንዲያውም በራሴ ኮራሁ። ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት እናት ግን ነጠላቸውን እያስተካከሉ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ አደይ አበባ በግንቦት የት አየህ?» አሉኝ። ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ፤ ሳቁ ለሁለታችን ሆነ።

ስንወጣ በሩ ላይ አንዱ ጓደኛውን «እንዴት አየኸው?» ሲለው፣ ያኛው «የመጀመሪያው ይበልጣል» ብሎ መለሰለት። አገሩ ጎጃም ነው፤ ሰሙ ስለ ፊልሙ፣ ወርቁ ስለ ሰውየው መሆኑ ለማንም አልጠፋም። በዙሪያው ያለው ሁሉ ሳቀ። ይበልጣል እኔ አጠገብ ቆሞ ሰማው።

መኪናው ዘንድ ስንደርስ ክንዴን ይዞ ፈቀቅ አደረገኝ።

«ስንቀርጽ አጠገቤ ነበርክ። አላየኸውም ነበር?»

«አይቼው ነበር።»

«ታዲያ?»

«እርስዎ ካደረጉት ምክንያት ይኖረዋል ብዬ ነው።»

ቁጣ ነበር የጠበቅሁት። ቢሰድበኝ ደስ ባለኝ። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያኔ ሁሉም ሰው ‹እንዲህ አይደለም› ይለኝ ነበር። አሁን የሚለኝ አጣሁ። አንተ እንኳ ትቀርልኛለህ ብዬ ነበር» አለኝ። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገባ። አፈርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ፊልም ሠራ፤ አንዱንም አልወደድኩለትም። በዓል በመጣ ቁጥር እንደዋወላለን፤ ጤና እንጠያየቃለን፣ ስለ ልጆች እናወራለን፣ ስለ ፊልም አንዳችንም አናነሣም። ጥፋቱን ሁሉ እኔ ልሸከም አልልም፤ መጠየቅ የተወው እሱ ነው፣ ደብተሩንም የጣለው እሱ ነው። ነገር ግን ሰው መጠየቅ የሚተወው ዙሪያው ሁሉ «አዎ» ሲለው አይደል? እኛ ያከበርነው መስሎን ነበር። እኔ በበኩሌ ያንን የመጀመሪያውን ፊልም ከመውደዴ የተነሣ ሰውየውን ሜዳ ላይ ጥዬዋለሁ።

ይህን ሁሉ ለልጆቹ ነገርኳቸው። ሰብለ ግን ነገር ካነሣች አትለቅም፤ «ታዲያ ይቅር ይባላል ወይስ አይባልም?» አለችኝ። ለመጀመሪያው ምስጋናውን ይውሰድ፣ ለዚህኛው ወቀሳውን፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም አልኳት። ጓደኛዋ ይህን ለእሱ የሚነግረው ማን ነው ብላ ጠየቀች፤ እንዲሁ ለወሬ ያህል ነው የጠየቀችው።

እኔ ግን ፈተናውን ወደ ጎን አድርጌ ስልኩን ተቀበልኳትና አዲሱን ፊልም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየሁት። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደወልኩለት። በዓል ስላልነበረ ደንግጦ ሰው ሞተ ወይ አለኝ። ማንም እንዳልሞተ ነገርኩት።

«አዲሱን ፊልምህን አየሁት» አልኩ።

«እሺ።»

«አልወደድኩትም፣ ይበልጣል።»

ዘግቶብኝ ይሆን ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁ፤ አልዘጋውም። ቆይቶ፣ «ምኑን ነው? ጊዜ አለህ?» አለኝ።

«አለኝ» አልኩት።